የድሮ የሱፍ ጉርድ ሳይገባ እንዴት ይታጠባል? ከመግዛት እስከ ማስቀመጥ

በየዓመቱ ብርዱ ሲጀምር አንድ ዓይነት ፎቶ ይላክልኛል። ባለ ካሬ የሱፍ ጉርድ ነው፤ ከታጠበ በኋላ የተነሳ። ወገቡ አልዘጋ ብሏል፣ ጨርቁ እንደ ምንጣፍ ጠጥሯል፣ ካሬዎቹ ተጣመዋል። ከስሩ «አሁን ምን ላድርገው?» የሚል ጥያቄ አለ። ብዙ ጊዜ መልሴ «ምንም» ነው። እንዲህ ብሎ መመለስ ያሳዝነኛል። ስለዚህ ከእጥበት በኋላ የሚመጣውን ጥያቄ ከእጥበት በፊት ልመልሰው።

ይህን ጉርድ የሚያበላሸው ጎበዝ አጣቢ ነው። ሳፋ ውስጥ ለረጅም ሰዓት ዘፍዝፎ፣ በኦሞ አሽቶ፣ ጥብቅ አድርጎ ጨምቆ፣ ፀሐይ ላይ የሚያሰጣ ሰው። ለነጠላና ለአንሶላ ትክክለኛው እጥበት ይሄ ነው። ለሱፍ ግን አራቱም ጥፋት ናቸው። እኔም የመጀመሪያውን የሱፍ ጉርዴን ያጣሁት እናቴ እንዳስተማረችኝ አጥቤው ነው።

ሱፍ የበግ ፀጉር ነው። እያንዳንዷ ፀጉር ላይ እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደራረቡ በዓይን የማይታዩ ቅርፊቶች አሉ። በሙቅ ውሃና በሳሙና ሲታሹ እርስ በርስ ይቆላለፋሉ። አንዴ ከተቆላለፉ የሚፈታቸው የለም። «ጉርዱ ገባ» የምንለው ይህንን ነው። ውሃ ብቻውን ጉዳት የለውም። የሚጎዳው ሙቀት፣ እሽታና ጠንካራ ሳሙና ነው።

የማወራው በተለይ በፈረንጆቹ ከ1950ዎቹ እስከ 1970ዎቹ ስለተሰሩ የአሜሪካና የስኮትላንድ ጉርዶች ነው። ሚኒያፖሊስ፣ ዋሽንግተን ወይም ቶሮንቶ ያላችሁ ያገለገለ ልብስ መሸጫ ውስጥ ታገኟቸዋላችሁ። አዲስ አበባም ሰልባጅ ውስጥ አልፎ አልፎ ይወጣሉ።

አስቀድማችሁ አዘጋጁ

- የልብስ ሰፊ ሜትር፣ እርሳስና ወረቀት
- ጉርዱ ሳይታጠፍ የሚገባበት ሰፊ ሳፋ
- ለሱፍ የተሰራ ፈሳሽ ሳሙና፣ ካልተገኘ የሕፃን ሻምፖ
- ነጭ አቼቶ
- ሁለት ትልልቅ ፎጣዎች፣ አንዱ ነጭ ቢሆን ይመረጣል
- ለስላሳ የልብስ ብሩሽ
- መርፌና ነጭ የጥጥ ክር
- ስስ ነጭ የጥጥ ጨርቅ (አሮጌ ነጠላ በጣም ጥሩ ነው)

እጁ ሳሙና ከነካ በኋላ ፎጣ ፍለጋ የሚሮጥ ሰው ጉርዱን ውሃ ውስጥ ያቆየዋል። ሁሉም ነገር አጠገባችሁ ይሁን።

ደረጃ 1፦ ከመግዛታችሁ በፊት መርምሩ

1. ጉርዱን ወደ መስኮት ወይም ወደ አምፖል አንሱት። ብል የበላው ቀዳዳ የሚታየው በብርሃን ነው። ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ ብታዩት ካሬዎቹ ይሸፍኑታል።
2. መቀመጫው አካባቢ ጨርቁን በሁለት እጅ ቀስ ብላችሁ ሳቡ። ከሳሳና ብርሃን ካሳለፈ ተዉት። መቀመጫው ያለቀ ጉርድ በመርፌ አይድንም።
3. የጎን ስፌቱን ተመልከቱ። ከግራና ከቀኝ የሚመጡት አግድም መስመሮች ተገናኝተዋል? ከተገናኙ በጥንቃቄ የተሰፋ ነው። አንዱ ጎን ተገናኝቶ ሌላው ከተዛነፈ ምናልባት መሀል ላይ ሰው አስጠብቦታል። ወደ ውስጥ የገባ ትርፍ ጨርቅ ካለ መልሶ ማስፋት ይቻላል፤ ተቆርጦ ከሆነ አይቻልም። ገልብጣችሁ እዩ።
4. የቁጥር ልኩን እርሱት። የድሮ ልክ ከዛሬው ያንሳል፤ 14 የሚለው የዛሬዋን 14 ለባሽ አይገባትም። ወገቡን በሜትር ለኩ።
5. ዚፑን ወደ ላይና ወደ ታች አስኪዱት። የብረት ዚፕ ቢይዝ አትታገሉት። ጥርሶቹ ላይ የእርሳስ ጫፍ ብታሹበት ብዙ ጊዜ ይላላል።
6. ውስጡ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። የክር ድውር የሚመስለው የዉልማርክ ምልክት ካለበት ጉርዱ በፈረንጆቹ ከ1964 ወዲህ የተሰራ ንጹህ ሱፍ ነው። አሜሪካ ውስጥ የአስተጣጠብ መመሪያ ልብስ ላይ መለጠፍ ግዴታ የሆነው በፈረንጆቹ 1972 ነው። ስለዚህ መመሪያ የሌለው የአሜሪካ ጉርድ ብዙውን ጊዜ ከዚያ በፊት የተሰራ ነው። መመሪያ ስለሌለው ብቻ ግን ይታጠባል ማለት አይደለም።

ጠርዙ አካባቢ ያሉ አንድ ሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎች አያሳስቧችሁ፤ ይደፈናሉ። ወገቡ ዙሪያ በብል የተበሳሳውን ግን ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ አታምጡት። ቤታችሁ ያለውን ሌላ ሱፍ ያስበላባችኋል።

ደረጃ 2፦ ለብቻው አቆዩት

እንደገዛችሁት ቁምሳጥን ውስጥ አትስቀሉት። ጨርቅ የምትበላው የምትበረው ብል አይደለችም፤ ከእንቁላሏ የሚወጣው ትንሽ ትል ነው። እንቁላሉ በዓይን አይታይም ማለት ይቻላል። ንጹህ የመሰለ ጉርድም ሊይዘው ይችላል።

1. ጉርዱን ላስቲክ ከረጢት ውስጥ ከትታችሁ አየሩን አስወጡና አፉን በደንብ ዝጉ።
2. ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሚደርስ ፍሪዘር ውስጥ ለሁለት ሳምንት አቆዩት።
3. ስታወጡት ወዲያው አትክፈቱ። ከረጢቱ እንደታሰረ አንድ ቀን ሙሉ ይቆይ። ቀድማችሁ ከከፈታችሁት ቀዝቃዛው ጨርቅ ላይ ጤዛ ይይዛል።

ፍሪዘር ከሌላችሁ፦ ጉርዱን ውጭ ላይ ገልብጣችሁ ስፌቶቹን፣ የወገቡን እጥፋትና የጠርዙን ቅምቅማት በደንብ ቦርሹ። ከዚያ ደረጃ 7 ላይ ባለው መንገድ እነዚህን ቦታዎች በእርጥብ ጨርቅ ላይ ተኩሷቸው። እንፋሎቱ እንቁላሉን ይገድላል። የሚያመልጠው እጥፋት ውስጥ የተደበቀው ነውና አትቸኩሉ።

ደረጃ 3፦ አናፍሱ፣ ቦርሹ

ብዙ ሰው ይህን ዘሎ ወደ ሳፋው ይሄዳል። አትዝለሉት። ሱፍ ሽታን ቶሎ ይለቃል። ጥላ ቦታ፣ ነፋስ ባለበት፣ ሁለት ሦስት ቀን ስቀሉት። ከዚያ ከላይ ወደ ታች በለስላሳ ብሩሽ ቦርሹት። ከጉርዶቹ ግማሽ ያህሉ ሳይታጠቡ እዚህ ላይ ለመልበስ ይደርሳሉ። የናፍታሊን ሽታ ከሆነ ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ሊፈጅ ይችላል፤ ሽቶ አትርጩበት። ሽቶው ሽታውን አያጠፋም፣ ጨርቁ ላይም እድፍ ሊተው ይችላል።

ትንሽ እድፍ ካለ ያንን ቦታ ብቻ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ነካ ነካ አድርጉት። አትፈትጉት።

ደረጃ 4፦ ይታጠባል ወይስ ላውንደሪ ይሂድ?

በሚከተሉት ጉርዶች ላይ ውሃ አትሞክሩ፤ የሱፍ ልብስ የሚያውቅ ላውንደሪ ስጧቸው፦

- ዙሪያውን ጠባብ ሽንሽን ያለው፣ በተለይ የስኮትላንድ ኪልት። ሽንሽኑ በእንፋሎት የተያዘ ስለሆነ ውሃ ሲነካው ይፈታል።
- የቆዳ ማሰሪያ ያለው።
- የሚያንሸራትት ገበር ያለው። ገበሩና ሱፉ እኩል ስለማይገቡ ጉርዱ ከታች ይጨማደዳል።

ላውንደሪ ስትሰጡ የፕላስቲክ ቁልፎቹን ፈትታችሁ እቤት አስቀሩ። አንዳንድ የድሮ ፕላስቲክ በማጽጃው ፈሳሽ ይሟሟል። የእኔ አንዱ ጉርድ ቁልፎቹ ተልፈስፍሰው ከዙሪያቸው ካለው ጨርቅ ጋር ተጣብቀው ተመልሶልኛል።

ገበር የሌለው፣ ቀጥ ያለ ወይም ሁለት ሦስት ሰፋፊ እጥፋት ብቻ ያለው ጉርድ ከሆነ ቤት ውስጥ ሊታጠብ ይችላል። ግን ሁለት ፈተና ይለፍ።

የቀለም ፈተና። ከውስጥ በኩል ስፌቱ ላይ ቀይ ወይም ጥቁር ሰማያዊ ቀለም ያለበትን ቦታ ምረጡ። በቀዝቃዛ ውሃና በትንሽ ሳሙና ያራሳችሁትን ነጭ ጨርቅ ለአንድ ደቂቃ ጫኑበት። ጨርቁ ቀለም ከያዘ እጥበቱን ተዉት። ባለ ካሬ ጉርድ አንዱ ቀለሙ ከለቀቀ ጎረቤቱን ነጭ መስመር ያበላሻል፤ ያ አይመለስም።

የክር ፈተና። ጽሑፍ ከሌለው ከውስጥ ስፌት አንድ ክር ምዘዙ። በወረንጦ ይዛችሁ ውሃ ያለበት ሳህን ላይ በክብሪት አቃጥሉት። ሱፍ ከሆነ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ እሳቱ ሲለየው ይጠፋል፣ አመዱ በጣት ሲነካ ይፈረፈራል። ቀልጦ ጠንካራ ጠብታ ከሆነ ሰው ሰራሽ ክር አለበት። እሱ በካውያ ሙቀት ይቀልጣልና ደረጃ 7 ላይ ሙቀቱን ቀንሱ።

ደረጃ 5፦ እጥበት

1. ለኩና ጻፉ። ወገብ፣ ዳሌ፣ የታችኛው ጠርዝ ስፋት፣ ርዝመት። ይህ ወረቀት በኋላ ጉርዱን ወደ ልኩ የምትመልሱበት ነው። ያለ እሱ በግምት ትጎትታላችሁ።

2. እጥፋቶቹን ስፉ። ሰፋፊ እጥፋት ካለው፣ እንደተኛ በነጭ ክር ረጃጅምና ላላ ያለ ስፌት ከላይ እስከ ታች ያዙት። ይህን ስፌት የምትፈቱት ከተተኮሰ በኋላ ነው።

3. ዚፑን ዝጉ፣ ጉርዱን ገልብጡ።

4. ውሃውን አዘጋጁ። ቢበዛ 30 ዲግሪ ይሁን። ለሕፃን ገላ የምናዘጋጀው ውሃ 37 አካባቢ ነው፤ ለሱፍ እሱ ሞቃት ነው። ክርናችሁን ስትነክሩበት ትንሽ ቀዝቀዝ ሊላችሁ ይገባል። የማለቅለቂያውንም ውሃ አሁኑኑ በሌላ ባልዲ በዚያው ሙቀት አዘጋጁ። ከሞቀ ውሃ ወደ ቧንቧ ውሃ መዝለል ሱፉን ያስደነግጠዋል።

5. ሳሙናውን ቀድማችሁ በጥብጡ። ለአሥር ሊትር ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ ይበቃል። ጨርቁ ላይ በቀጥታ አታፍስሱ። ተራ የዱቄት ሳሙና አትጠቀሙ። ለሱፍ በጣም ጠንካራ ነው፤ ብዙዎቹም እድፍ የሚበላ ኢንዛይም አላቸው። ያ ኢንዛይም ፕሮቲን ያፈርሳል። ሱፍ ደግሞ ራሱ ፕሮቲን ነው። በረኪና ከቶ አይታሰብ፤ ሱፍን ቃል በቃል ያሟሟል።

6. ጉርዱን አስገቡና በመዳፍ ወደ ታች ጫን፣ ለቀቅ አድርጉት። ሙሉው እስኪርስ ድረስ። ከዚያ ቢበዛ አሥር ደቂቃ ተዉት። እጃችሁ ማሸት ይለምዳል፤ ያዙት። እድፍ ብታዩም አትሹ።

7. ውሃውን ድፉ፣ ጉርዱን አታንሱ። እርጥብ ሱፍ ደካማ ነው፤ በወገቡ ይዛችሁ ብታነሱት በራሱ ክብደት ይለጠጣል። ሳፋውን አዘንብላችሁ ውሃውን አፍስሱ፣ ጉርዱን ወደ ዳር ጫን አድርጉት። ማንሳት ካለባችሁ ከስር በሁለት እጅ እንደ ሕፃን ደግፋችሁ አንሱ።

8. አለቅልቁ። ሳሙናው እስኪጠፋ ሁለት ሦስት ጊዜ። በመጨረሻው ውሃ ላይ ለአምስት ሊትር አንድ የሾርባ ማንኪያ ነጭ አቼቶ ጨምሩ። የቀረውን ሳሙና ያወጣል። ሽታው ሲደርቅ ይጠፋል።

የእርጥብ ሱፍ ሽታ ግን ይኖራል። ባና በነበረበት ቤት ያደገ ሰው ያውቀዋል። ጉርዱ ተበላሸ ብላችሁ እንደገና እንዳታጥቡት፤ ሲደርቅ ይሄዳል።

መሀል ላይ ቀለም መልቀቅ ከጀመረ፦ ወዲያው ውሃውን ድፉ። ውሃው እስኪጠራ ድረስ ቶሎ ቶሎ በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቁ። በነጭ ፎጣ ጠቅልላችሁ አትተዉት፤ በደረጃ 6 መሠረት ውሃውን አስወጥታችሁ ወዲያው ዘርጉት። ከቀዝቃዛ ውሃ ይልቅ የሚያሰጋው እርጥብ ጨርቅ ተደራርቦ መቆየቱ ነው።

ደረጃ 6፦ ማድረቅ

1. አትጠምዝዙ። ጉርዱን ፎጣ ላይ ዘርግታችሁ ከፎጣው ጋር እንደ ምንጣፍ ጠቅልሉት። በጥቅሉ ላይ በመዳፋችሁ ተጫኑ። በሁለተኛው ፎጣ ድገሙት።
2. በደረቅ ፎጣ ላይ፣ ጥላ ውስጥ፣ ጠፍጣፋ አድርጋችሁ ዘርጉት። ገመድ ላይ አታስጡ።
3. አሁን ወረቀቱን አውጡ። ወገቡን፣ ዳሌውን፣ ርዝመቱን ለኩና ቀስ ብላችሁ ወደ ቀድሞው ልክ አምጡት። ባለ ካሬ ጨርቅ እዚህ ላይ ያግዛችኋል፤ አግድሞቹ መስመሮች ከጠርዙ ጋር ቀጥ ብለው መሄዳቸውን በዓይን ማየት ትችላላችሁ። ጠምዘዝ ያለ መስመር ካለ አሁን አቅኑት። ሲደርቅ እንደዚያው ይቀራል።
4. ከማሞቂያና ከፀሐይ አርቁት። በየግማሽ ቀኑ ገልብጡት። እንደ አየሩ አንድ ወይም ሁለት ቀን ይፈጃል።

የማድረቂያ ማሽን ውስጥ ለአምስት ደቂቃም ቢሆን አታስገቡት። ከሚላኩልኝ ፎቶዎች ብዙዎቹ የዚህ ውጤት ናቸው።

ገብቶ ካገኛችሁት፦ ጨርቁን በጣታችሁ ዳሱት። ሽመናው አሁንም ከታየ ተስፋ አለው። ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የፀጉር ኮንዲሽነር በጥብጡና ጉርዱን ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፉት። አታለቅልቁ። በፎጣ ጠቅልላችሁ ውሃውን ካስወጣችሁ በኋላ ጥቂት በጥቂት፣ ከየአቅጣጫው እኩል እየሳባችሁ በሜትር ወደ ልኩ አስጠጉት። በስፒል ፎጣው ላይ አስይዙትና ይድረቅ። ሙሉ በሙሉ ባይመለስም ወገቡ ሊዘጋ ይችላል። ሽመናው ጠፍቶ ጨርቁ ከጠጠረ ግን ቅርፊቶቹ ተቆላልፈዋል። አትድከሙ፤ ለትራስ ልብስ ወይም ለቦርሳ ይሆናል።

ደረጃ 7፦ መተኮስ

ጉርዱ ትንሽ እርጥበት ሲቀረው ጀምሩ።

1. ካውያውን ሱፍ በሚለው ላይ አድርጉ።
2. ጉርዱን ከውስጥ በኩል አድርጉና ያራሳችሁትን ነጭ የጥጥ ጨርቅ ላዩ ላይ ዘርጉ። ካውያው ሱፉን በቀጥታ እንዳይነካ።
3. ካውያውን አትንዱት። አስቀምጡ፣ ሦስት አራት ሰከንድ፣ አንሱ፣ ቀጣዩ ቦታ ላይ አስቀምጡ። መንዳት መስመሮቹን ያጣምማል።
4. እጥፋቶቹ ላይ እንፋሎቱ እስኪበርድ በመዳፋችሁ ያዟቸው። ሱፍ ቅርጹን የሚይዘው ሲበርድ ነው። ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ የነጩን ክር ስፌት ፍቱ።

ካብረቀረቀ፦ አንድ የሾርባ ማንኪያ አቼቶ በአንድ ብርጭቆ ውሃ በጥብጣችሁ ጨርቅ አርሱበት። ያን ጨርቅ ላዩ ላይ አድርጋችሁ ካውያውን ሳትጫኑ እንፋሎት ብቻ ስጡት፣ ከዚያ ቦርሹት።

ደረጃ 8፦ ማስተካከልና መድፈን

ወገቡ በሁለት በሦስት ሴንቲሜትር ከሰፋ ስፌት ከመንካታችሁ በፊት መንጠቆውን ወይም ቁልፉን አዛውሩ። ከዚያ በላይ ከሆነ የሚጠብበው ከኋላ መሀል ስፌት ነው፤ ከሁለቱም ወገን እኩል። እያንዳንዱን አግድም መስመር ለየብቻ በስፒል አገናኙ። ለልብስ ሰፊ ከሰጣችሁ «መስመሩ ይገናኝልኝ» ብላችሁ በአፍ ንገሩ። ካልተነገረው ቶሎ የሚሆነውን መንገድ ይመርጣል።

ርዝመቱን ለማሳጠር አትቁረጡ፤ ወደ ውስጥ አጥፋችሁ ቀምቅሙት። ለማስረዘም ከፈለጋችሁ ቅምቅማቱን ከመፍታታችሁ በፊት አንድ ጣት ያህል ብቻ ፈታችሁ እዩ። የድሮው እጥፋት ላይ የደበዘዘ መስመር ካለ አይጠፋም።

ለቀዳዳ የሚሆነው ክር ጉርዱ ውስጥ ነው ያለው። ከቅምቅማቱ ትርፍ ጨርቅ የሚመሳሰለውን ቀለም ምዘዙና በቀጭን መርፌ፣ ሽመናውን ተከትላችሁ ከላይ በታች እያሳለፋችሁ ሙሉት። ካሬው የዓይን ማሳቻ ስለሆነ ከአንድ ሜትር ርቀት አይታይም።

ደረጃ 9፦ ሲለበስ

- ማሞቂያ ያደረቀው ቤት ውስጥ ሱፍ ስቶኪንግ ላይ ይጣበቃል። ከስር ስስ የጥጥ ጉርድ ልበሱ።
- አንድ ቀን ከለበሳችሁት አንድ ቀን ይረፍ። የተቀመጣችሁበት ጭምድድ ያን ጊዜ በራሱ ይመለሳል።
- እንደ ሚኒሶታ መንገድ ላይ ጨው በሚበተንበት ከተማ ጠርዙ ላይ ነጭ መስመር ይወጣል። እርጥብ ሳለ አትንኩት። ሲደርቅ ቦርሹት፣ የቀረውን በውሃና በጥቂት አቼቶ ነካ ነካ አድርጉ።

ደረጃ 10፦ ብርዱ ሲያልፍ

ሳያጸዱ ማስቀመጥ ትልቁ ስህተት ነው። የብል ትል ላብና የወጥ ጠብታ ያለበትን ቦታ አስቀድሞ ይበላል።

ጉርዱ ሙሉ በሙሉ መድረቁን አረጋግጡ። ለረጅም ጊዜ አትስቀሉት፤ በነጭ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልላችሁ በሚዘጋ ከረጢት ወይም ክዳኑ በሚገጥም ሳጥን ውስጥ አስቀምጡ። ናፍታሊን የምትጠቀሙ ከሆነ ልጆች ከሚተኙበት ክፍል ይራቅ፤ ትነቱ በተለይ ለሕፃናት ጎጂ ነው። እኔ ትቼዋለሁ። የጥድ እንጨትና የላቫንደር ከረጢት ሽታቸው እስካለ ብሏን ሊያርቅ ይችላል፣ ውስጥ ያለውን ትል ግን አይገድልም።

በወር አንዴ ክፈቱና ወገቡንና ቅምቅማቱን በብርሃን ተመልከቱ። እንደ አሸዋ ያለ ብናኝ ወይም ነጭ ድር የመሰለ ነገር ካያችሁ አብረውት የተቀመጡትን ሱፎች ሁሉ አውጡና ወደ ደረጃ 2 ተመለሱ።